«ምነው አይሮጡም?»

እሑድ ማታ ነው፤ እራት ተበልቶ ገበታው ተነሥቷል። እናቴ እንደ ልማዷ ሶፋውን ትታ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እኔ ሪሞቱን ይዤ ከጣቢያ ጣቢያ ስዘል አንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቆምኩ። ስለ ጃፓኑ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ነው። ምስሎቹን ከዚህ በፊት በቁርጥራጭ አይቻቸዋለሁ፤ በዜና መሀል፣ በስልክ ላይ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብዬ ሳይ ግን ያን ማታ የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ሰው ከኮረብታ ላይ ሆኖ የቀረጸው ምስል ነው። ታች ከተማው ይታያል፤ ጣሪያዎች፣ ጠባብ መንገዶች፣ የመብራት ምሰሶዎች። ውኃው መጀመሪያ ውኃ አይመስልም። ጥቁር ነው፤ ከፊቱ ጭስ የመሰለ ነገር ይነሣል፤ ቤቶቹ ሲፈረካከሱ የሚቦን አቧራ ነው። ከዚያ አንድ ቤት ከነጣሪያው፣ ከነመጋረጃው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ከቦታው ተነሥቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ኮረብታው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ታች ይጮኻሉ። ቋንቋቸውን ባላውቅም «ውጡ! ሩጡ!» እንደሚሉ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ታች መንገዱ ላይ አንድ ሽማግሌ በዝግታ ይራመዳሉ። ጥግ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ያወራሉ።

የእናቴ እንዝርት ቆመ።

«ምነው አይሮጡም?» አለችኝ።

«ከታች ሆነው አይታያቸውም እማዬ» አልኳት። እውነት ነው፤ በቤቶች መሀል የቆመ ሰው ባሕሩ አይታየውም። ግን መልሱ ይኼ ብቻ እንዳልሆነ እያልኩትም ይታወቀኝ ነበር። ጥያቄዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ አለቀቀኝም። ይህንን የምጽፈውም ስላለቀቀኝ ነው።

ቀኑ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 11 ቀን 2011፣ ዓርብ። በጃፓን ሰዓት ከቀትር በኋላ 2:46 ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። አስቡት፤ የእነሱ የግድግዳ ሰዓት ከቀትር በኋላ 2:46 ሲል፣ የእኛም የግድግዳ ሰዓት 2:46 ይላል፤ ለእኛ ጠዋት ነው እንጂ። ሁዳዴ ገብቶ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። እኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነኝ። ሁለቱ ሰዓቶች አንድ ዓይነት ማሳየታቸው ምንም ትርጉም የለው ይሆናል፤ እኔን ግን ነገሩን ከ«ሩቅ አገር» አውጥቶ እፊቴ አስቀመጠልኝ።

መነሻው ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ውስጥ ነው። መጠኑ 9.0 ሲሆን መንቀጥቀጡ ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይቷል። ስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ሰዓት ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የፓስፊክ ውቅያኖስ የተኛበት የምድር ቅርፊት ጃፓንን ከተሸከመው ቅርፊት ሥር በየዓመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሰረሰረ ይገባል። ቢንሸራተት ኖሮ ባልከፋ፤ ክፋቱ መያያዙ ነው። ጠርዝና ጠርዙ ሲያያዝ የላይኛው ቅርፊት እንደ ተጎበጠ ቀርከሃ ይለመጣል፤ ለብዙ ዘመን ይለመጣል። የዚያን ቀን ተፈናጠረ። 500 ኪሎ ሜትር በ200 ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፍራ በአንድ ጊዜ ተላቀቀ፤ በአንዳንድ ቦታ 50 ሜትር ድረስ ተንሸራተተ። የባሕሩ ወለል ከፍ ሲል በላዩ የነበረው ውኃ ሁሉ አብሮ ከፍ አለ። ያ ውኃ መሄጃ ይፈልጋል።

ሱናሚ የሚለው ቃል ራሱ የእነሱ ነው፤ «የወደብ ማዕበል» ማለት ነው። ጥልቁ ባሕር ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ማዕበሉ ከጀልባው ሥር ሲያልፍ ላይሰማው ይችላል። እዚያ ላይ እንደ አውሮፕላን እየፈጠነ ይሄዳል እንጂ ቁመት የለውም። ጥልቀቱ ሲያንስ ነው ፍጥነቱን ቀንሶ ሽቅብ የሚቆመው። አጥማጁ ማታ ሲመለስ ወደቡን ያጣዋል። ቃሉን ያወጡት ይህንን ያዩ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ የእናቴ ጥያቄ። ለምን አልሮጡም?

አንደኛው ነገር አንድ ቁጥር ነው። መንቀጥቀጡ በጀመረ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የሱናሚ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ግን በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች መሣሪያዎቹ የለኩት መጠን 7.9 ነበር፤ ከእውነተኛው ጋር ሲተያይ የጉልበቱ ልዩነት ከ40 እጥፍ በላይ ነው። በዚያ ስሌት መሠረት በጠረፉ ላሉት ክፍለ ግዛቶች «ኢዋቴ 3 ሜትር፣ ሚያጊ 6 ሜትር» ተባለ። ሰዉ ባሕሩን ለመከላከል ደጁ ላይ የቆመውን ግንብ አየ፤ ግንቡ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ «አይደርስም» አለ። ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የሚያጊን ቁጥር፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ የኢዋቴን፣ ወደ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ አደረጉት፤ ግን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነው፤ ብዙ ሰው የሰማው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ያወጡት ሰዎች ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ ልወቅሳቸው አልፈልግም። ግን ሰው የሚያምነው ነገር ሲያገኝ እግሩ እንደሚከብድ አየሁ።

ሁለተኛው ግንቡ ራሱ ነው። ታሮ የምትባል መንደር አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ከ1,800 ሰው በላይ፣ በ1933 ደግሞ ከ900 በላይ በሱናሚ ያጣች። ከዚያ በኋላ ባሕሩን በግንብ ልትከለክለው ቆርጣ ተነሣች፤ ለአሥርት ዓመታት ስትገነባ ኖራ 10 ሜትር ከፍታና 2.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ አቆመች። ከቻይናው ታላቁ ግንብ ጋር ያመሳስሉት ነበር። ከሌሎች አገሮች እየመጡ ይጎበኙት ነበር። የዚያን ቀን ባሕሩ በላዩ ላይ አለፈ፤ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ከግንቡ ጀርባ ያሉት ባሕሩን ማየት አይችሉም፤ ግንቡ ጋርዶባቸዋል። ሊጠብቃቸው የቆመው ነው ዓይናቸውን የጋረደው። ደግሞም ምድሪቱ በተፈናጠረች ጊዜ ጠረፉ ራሱ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ሰጥሟል፤ እዚያ ያሉት ግንቦች ማዕበሉን የጠበቁት አጥረው ነው።

ይህን ስነግራት እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «ቀኑ ከደረሰ የት ይሮጣል?» አለች።

ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፤ አባቴ በሞተ ጊዜም ያጽናናን እሱ ነው። አልንቀውም። ግን ያን ማታ ልቀበለው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ፊልሙ ወደ ፉዳይ ሄዶ ነበር።

ፉዳይ ከታሮ ብዙም የማትርቅ፣ 3,000 ሰው ያህል የሚኖርባት መንደር ናት። ኮቶኩ ዋሙራ የሚባሉ ከንቲባ ነበሯት፤ 40 ዓመት ያህል የመሯት። በ1933ቱ ሱናሚ ጊዜ ወጣት ነበሩ፤ የጎረቤቶቻቸው ሬሳ ከጭቃ ክምር ሥር ሲቆፈር አይተዋል። ሽማግሎች ደግሞ የ1896ቱ ውኃ 15 ሜትር ደርሶ እንደነበር ሲያወሩ ሰምተዋል። እና ከንቲባ ሲሆኑ የወንዙን አፍ የሚዘጋ ትልቅ የግድብ በር ይሠራ አሉ፤ ቁመቱ 15.5 ሜትር። ምክር ቤቱም መሬቱ የሚወሰድበትም ሰው ተቃወመ። «ምን ያደርጋል ይኼ ሁሉ ቁመት? ገንዘብ ማባከን ነው» ተባሉ። ወጪው ከ3.5 ቢሊዮን የን በላይ ነበር። አልተመለሱም። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1984 አለቀ፤ እሳቸው በ1997 ሞቱ፤ በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን ጥቅሙን አላዩትም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ውኃው መጣ። የግድቡ ትልልቆቹ በሮች ከሩቅ በማሽን ተዘጉ፤ ከጎን ያሉት ትንንሾቹ ግን እምቢ አሉ። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወርዶ በእጁ ዘጋቸው። ማዕበሉ ግድቡን ተሻግሮ ትንሽ ዘለቀ፤ እዚያው ቆመ። ከመንደሪቱ የጠፋው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጀልባውን ሊያይ ወደ ወደቡ የወረደ። በዚያ ሰሞን የመንደሪቱ ሰዎች የከንቲባውን መቃብር ሊያመሰግኑ ይሄዱ ነበር።

«እማዬ፣ የፉዳይ ሰዎች ቀናቸው ያልደረሰው አንድ ሰው እምቢ ብሎ ስለገነባላቸው ነው» አልኳት። ዝም አለች። ፈትሉን በጣቶቿ ይዛ ዝም አለች፤ ከዚያ «ነፍሳቸውን ይማር» አለች።

ቀጥሎ የመጣውን ለማየት ሁለታችንም አልተዘጋጀንም ነበር።

ኦካዋ የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ኢሺኖማኪ ከተማ ውስጥ፣ በኪታካሚ ወንዝ ዳር። ከባሕሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ርቀቱ ነው ያዘናጋቸው። ምድሪቱ ስትረጋ መምህራኑ ልጆቹን አሰልፈው ሜዳው ላይ አወጧቸው፤ ስም ጠሩ፤ ቆጠሩ። ያ በደንብ የሠለጠነ ትምህርት ቤት የሚያደርገው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሜዳው ላይ 50 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ አለ፤ ልጆቹ እንጉዳይ ለማብቀል በትምህርት ሰዓት የሚወጡበት ኮረብታ። አንዳንዶቹ ልጆች «ወደ ኮረብታው እንውጣ» ብለው ነበር። ትልልቆቹ ይከራከራሉ፤ ዛፍ ይወድቅብናል፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ሽማግሎች መጥተዋል፣ እንዴት ይወጡታል። የትምህርት ቤቱ መመሪያ ሱናሚ ከመጣ የሚሄዱበትን ቦታ በስም አይጠራም፤ ባዶ ቦታ ወይም መናፈሻ ይላል እንጂ። አውቶቡሱ ደጅ ቆሟል። ወላጆች እየመጡ የየራሳቸውን ልጅ ይወስዳሉ። የማዘጋጃ ቤት መኪና ባሕሩ የጠረፉን ጥድ ጫካ መሻገሩን እየለፈፈ አለፈ። በመጨረሻ ሲንቀሳቀሱ የሄዱት ወደ ድልድዩ ነው፤ ወደ ወንዙ። ውኃው በወንዙ በኩል መጣ። የትምህርት ቤቱ ሰዓት 3:37 ላይ ቆሟል።

ከ108 ተማሪዎች 74ቱ አለቁ። እዚያ ከነበሩት 11 መምህራንና ሠራተኞች 10ሩ።

እናቴ «አጥፋው» አለች። ሪሞቱን ሳነሣ ደግሞ «አይ፣ ተወው» አለች።

አንዲት እናት አለች፤ ልጇ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበረች። ፍለጋው ሲቀዛቀዝ ሴትየዋ ኤክስካቫተር ለመንዳት ተምራ ፈቃድ አወጣች፤ ልጇን በራሷ እጅ ቆፍራ ልትፈልግ። እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሞቱት በጠቅላላው ወደ 15,900 ናቸው፤ ከ2,500 የሚበልጡት እስካሁን አልተገኙም። ቁጥሩ ግን ያን እናት ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ጭቃውን በጥንቃቄ ስትገልጥ እንደማሰብ አይሆንልኝም። የእነዚያ ልጆች ትንንሾቹ ዛሬ ሃያዎቹን በያዙ ነበር።

ወላጆቹ ከስሰው እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተረታላቸው። ጥፋቱ በዚያ ቀን ሜዳው ላይ የተሠራ ብቻ እንዳልነበር ተፈረደ፤ አስቀድሞ ሊዘጋጅ የሚገባው አልተዘጋጀም። ይህን ፍርድ ደጋግሜ አስባለሁ። በዚያ 50 ደቂቃ ውስጥ የቆሙት መምህራን ክፉዎች አልነበሩም፤ እነሱም ሞተዋል። ውሳኔው ግን በዚያ ሰዓት የሚገኝ ዓይነት አልነበረም። ቀድሞ ተወስኖ መቀመጥ ነበረበት፤ በጸጥታ ቀን፣ ማንም በማይፈራበት ቀን።

ስለራሴ ሌሊት ልናገር። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ የሲኒ ድምፅ ነው፤ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ፤ በጣም ቀስ ብለው፣ ሰው እያጠባቸው እንዳለ። ከዚያ አልጋው ተወዛወዘ። በዚያ ሰሞን በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በኩል ምድር ስትናወጥ ከርማ ነበር፤ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው የወጡበት ሰሞን። የዚያ ሌሊቱ መጠኑ ከ5.5 በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ አራተኛ ፎቅ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል።

ምን አደረግሁ? በሩን ከፍቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ጎረቤቶቼም ወጥተዋል፤ ጋቢ የደረበ፣ ሕፃን ያቀፈች፣ ባዶ እግሩን የቆመ። የስልኮቻችንን መብራት አብርተን ፊት ለፊት ተያየን። ማንም ወደ ታች አልወረደም፤ ማንም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እኔ የነሱን ፊት አያለሁ፤ እነሱ የእኔን። አንድ ሰው ቢሮጥ ሁላችንም እንሮጥ ነበር። አንድ ሰው «አለፈ፣ ግቡ» አለ፤ ሁላችንም ገባን። ያ ሰው ምን አውቆ ነው ያለው? ምንም። ፈርቶ ነው። እኛም የምንፈልገውን ስላለልን ነው የታዘዝነው።

ያ ሽማግሌ በዝግታ ሲራመዱ፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች ጥግ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሳይ፣ ደረጃችን ላይ ያሉትን ፊቶች ነው ያየሁት። ሰው ሞኝ ሆኖ አይደለም የማይሮጠው። ብቻውን መሮጥ ስለሚያሳፍረው ነው፤ የሌላውን ፊት ስለሚጠብቅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሎት የሚሮጠው ሰው ስላለ ነው።

እዚህ ላይ ነው ከእናቴ ጋር የተጋጨነው።

ያ ጠረፍ ሳንሪኩ ይባላል። በየትውልዱ ሱናሚ ስለሚመታው አንድ አባባል አለው፤ «ቴንደንኮ»። እያንዳንዱ ለየብቻው ማለት ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ ልጅህን፣ እናትህን፣ ሚስትህን አትጠብቅ፤ ሁሉም በየፊናው ወደ ከፍታ ይሩጥ። በቀደሙት ሱናሚዎች አንዱ ሌላውን ሊያመጣ ሲሄድ ሙሉ ቤተሰብ እየጠፋ፣ ቤቱ ወራሽ እያጣ ስላለቀ የመጣ አባባል ነው። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት እንዝርቷን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ጥለህኝ ልትሮጥ ነው?»

«እማዬ፣ እኔ አላልኩም፤ እነሱ ናቸው።»

«እንዲህ ያለ ምክር ይመከራል? እናቱን ጥሎ የሮጠ ሰው ተርፎስ ምን ሊሆን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከሞቱት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ መሆኑን አውቃለሁ። ደረጃ መውጣት የማይችሉ፣ «እናንተ ሂዱ» ያሉ። ልጆቻቸው ሊያወጧቸው ተመልሰው አብረው የቀሩ። የእናቴን ጉልበት አሰብኩ፤ የአራተኛ ፎቅ ደረጃን አሰብኩ። ጥዬአት እንደማልሮጥ እሷም ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

መልሱን የሰጡን የካማይሺ ልጆች ናቸው። ካማይሺ የዚያው ጠረፍ ከተማ ናት፤ እዚያ ኡኖሱማይ በሚባል ሰፈር አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃና አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ነበሩ፤ ባሕሩ አጠገብ። ቶሺታካ ካታዳ የሚባሉ የጉንማ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተመላልሰው አስተምረዋል። ትምህርታቸው ሦስት ነገር ነው፤ በካርታው ላይ የተሠመረውን የአደጋ ወሰን አትመኑ፤ በዚያች ሰዓት የምትችሉትን ሁሉ አድርጉ፤ ቀድማችሁ ሩጡ፣ ሌላው እንዲከተላችሁ። ያን ቀን ምድር ስትረጋ ትልልቆቹ ተማሪዎች ማንንም ሳይጠብቁ ሮጡ። አንደኛ ደረጃዎቹን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰብስበዋቸው ነበር፤ ትልልቆቹ ሲሮጡ ሲያዩ ወርደው ተከተሏቸው። ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው ሮጡ። ለመሸሸጊያ የተመደበላቸው ቦታ ደረሱ። ከጀርባው ገደሉ መናድ መጀመሩን አይተው «ይኼም አይበቃም» ብለው ወደ ላይ ሮጡ። ጥለውት የሄዱት ቦታ ውኃ በላው። ከዚያም የበለጠ ወደ ላይ ወጡ። ወደ 600 የሚጠጉ ልጆች ናቸው።

በከተማይቱ ካሉ 3,000 ያህል ተማሪዎች የሞቱት 5 ናቸው፤ እነሱም በዚያ ሰዓት በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር ያልነበሩ። ጋዜጦች «የካማይሺ ተአምር» አሉት። ከተማዋ ግን ያን ቃል ትታዋለች፤ ዛሬ «የካማይሺ ክስተት» ይሉታል። ልክ ናቸው እላለሁ። በዚያው ሰፈር የአደጋ መከላከያ ማዕከል የሚል ስም ያለው አዲስ ሕንፃ ነበር፤ ለሱናሚ መሸሻ የተመደበ ግን አልነበረም። ትክክለኛው ቦታ ለአዛውንቱ ይርቃል ተብሎ ልምምዱ እዚያ ይደረግ ነበር፤ ከአደጋው ስምንት ቀን በፊት፣ ማርች 3 ቀን፣ እዚያ ተለማምደዋል። የዚያን ቀን የተለማመዱበት ቦታ ሄዱ። ከ160 በላይ ሰዎች እዚያ እንደሞቱ ይገመታል። በዚህ ሰፈር ተአምር የሚለውን ቃል ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል? ልጆቹ የተረፉት ስላወቁ ነው፤ ትልልቆቹ የሞቱትም በለመዱት ነው።

ፕሮፌሰሩ ለልጆቹ የሰጡት አንድ የቤት ሥራ ነው ከእናቴ ጋር ያስታረቀን። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ለእናትና አባታችሁ ንገሯቸው፤ «እኔ የትም ብሆን እሮጣለሁ፤ አትምጡብኝ፤ እናንተም ሩጡ»። እናቶቹ ሊመጡ የሚችሉት ልጄ ይጠብቀኛል ብለው ስለሚፈሩ ነው። ልጁ እንደሚሮጥ እርግጠኛ የሆነች እናት ግን ራሷ ትሮጣለች። ስለዚህ «ቴንደንኮ» መጣል አይደለም። ቀድሞ የተሰጠ ቃል ነው፤ እኔ እዚያ እሆናለሁ፣ አንቺም እዚያ ትሆኛለሽ፣ ስለዚህ አንፈላለግም። ቃሉ ካልተሰጠ ግን ማንም ማንንም ጥሎ አይሮጥም፤ አይገባምም።

ይህን ስላት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ፊልሙ አልቆ ማስታወቂያ ገብቷል። እንዝርቷን አነሣች፤ የተበጠሰውን ክር በምራቋ አርሳ ቀጠለችው።

«እኔ ደረጃውን አልወርደውም» አለች።

«በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ማንም አይወርድም። የኛ ሱናሚ አይደለም፤ ባሕር የለብንም። ሲንቀጠቀጥ ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ሲቆም ነው የሚወረደው።»

«ሲቆም ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።» አሰበች። «የጎረቤታችን ልጅ ይይዘኛል። ነገ እነግረዋለሁ።»

«ከዚያ የት ትሆኛለሽ?»

«ሜዳው ላይ። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት። ግድግዳ የለበትም።»

«እሺ።»

«አንተ ሥራ ላይ ከሆንክ» አለች፣ ዓይኗን ከፈትሉ ሳታነሣ፣ «እንዳትመጣ። ፎቅ ለፎቅ እየሮጥክ እኔን ፍለጋ እንዳትመጣ። ሜዳው ላይ ነኝ፤ ሰማህ?»

ሰማሁ።

በነጋታው ጠዋት ለሥራ ስወጣ፣ ሁልጊዜ አልጋዋ ሥር የምታስቀምጠው ክፍት ጫማ በሩ አጠገብ ነበር፤ አፉ ወደ ውጭ ዞሮ።